እጅጌውን የለቀቀች ዕለት

«ኧረ በካኖን ስም! እዚህ ቤት ሰው የለም እንዴ?»

የመጀመሪያ ቃሏ ይሄ ነበር፤ የምሕረት አምላካችንን ካኖንን መጥራት። ሰላምታ የለ፣ ምን የለ!

እኔ ጓሮ ሆኜ ነጭ ፍጅል አጥባለሁ። እጄን በሽርጤ እየጠረግኩ ስወጣ ልጄ ቶሺያ ቀድሞኝ በሩ ላይ ደርሷል። አንዲት ልጅ ግራ ክንዷን በቀኝ እጇ ታቅፋ፣ ፊቷ ወረቀት መስሎ፣ ጸጉሯ ላይ ቅጠል ተሰክቶ ቆማለች። ካኪ የሚባለውን ፍሬ ልትለቅም መሰላል ላይ ወጥታ ወድቃ ኖሯል።

ልጄ አያት። እሷም አየችው። እኔ ደግሞ ሁለቱንም አየኋቸው። ልጆች አሳድጌ ለወግ ለማዕረግ ያበቃሁ ሴት ነኝና እንዲህ ያለው አስተያየት አያመልጠኝም።

«ወልቋል» አለ ቶሺያ። «ግቢ።»

የእኛ ቤት ከፊት የወጌሻ ክፍል ነው። ከኋላ ዶጆው አለ፤ የጥንቱን ጁጁትሱ የምናስተምርበት አዳራሽ። መጣል፣ መጠምዘዝ፣ ማነቅ ከኋላ፤ የተሰበረውን መጠገን ከፊት። ባለቤቴ ነፍሱን ይማረውና «ደንበኛ አናጣም፤ በአንዱ በር አስወጥተን በሌላው እናስገባለን» እያለ ይስቅ ነበር።

ቶሺያ አጠገቧ ተንበረከከና ክንዷን ቀስ አድርጎ ያዘ።

«ለቁርስ ምን በላሽ?»

«ምን?»

«ለቁርስ።»

«አንተ ምን አገባህ! እኔ እዚህ ልሞት ነው፣ አንተ...»

«አሳ ነው?»

«እንቁላል! እንቁላል በሩ...»

ቋ! አለ ትከሻዋ። ገባ።

ልጅቷ ጮኸችና በደህናው እጇ ልጄን በጥፊ አጮለችው። ከዚያ ክንዷን ወደ ላይ አደረገች፣ ወደ ታች አደረገች። ቅድም ወረቀት የነበረው ፊቷ አሁን ቲማቲም ሆነ።

«ይ... ይቅርታ። ሳላስበው ነው።»

«ምንም አይደል፤ ብዙ ሰው ይመታኛል» አለ ቶሺያ ጉንጩን እያሻሸ። «ያንቺ ግን ጠንከር ይላል።»

ይሄኔ ከኋላ ጧ! የሚል ድምፅ መጣ። ቤቱ ተንቀጠቀጠ። ልጅቷ ብድግ አለች። እኔ ልይዛት ስል ተንሸራታቹን በር ገፍታ አየች።

ዶጆው ውስጥ አማቴ አባባ ጌንዞ አሉ። ቁመታቸው ከእኔ ያጥራል፤ ጸጉራቸው ሙሉ ነጭ ነው። የሰፈራችን ፖሊስ ዳይጎ ደግሞ ሲቀመጥ ለሁለት ሰው የሚሆን ቦታ የሚይዝ ሰው ነው። ያ ግዙፍ፣ አባባን እጅጌያቸውን ይዞ በዳሌው ላይ አሳልፎ በአየር ላካቸው። እግራቸው ጣራውን የሚነካ መሰለ።

«ገደላቸው!» ብላ ልጅቷ በባዶ እግሯ ሮጣ ገባች። «አንተ ጎሽ! አያትህ የሚሆኑ ሰው! አታፍርም?»

ዳይጎ ደንግጦ ወደ ኋላ ሸሸ። ፖሊስ ሆኖ እንኳ እንዲህ የጮኸበት ሰው ያለ አይመስለኝም። አባባ ጌንዞ ግን ምንም እንዳልሆነ ሰው ተነስተው ቀበቷቸውን አጠበቁ።

«ልጄ፣ አስተማሪው እኮ እኔ ነኝ።»

«ታዲያ ለምን እርስዎ ይወድቃሉ?»

«ታዲያ ማን ይውደቅ? እሱ መውደቅ መች ያውቃል!»

ሥርዓታችን እንዲህ ነው፤ ከድሮም ጀምሮ። ሁልጊዜ የሚወድቀው ታላቁ ነው። ታናሹ መጣል ሲማር፣ ታላቁ ገላውን ያበድረዋል። አባባ ጌንዞ እኔ እዚህ ቤት ሙሽራ ሆኜ ከገባሁ ጀምሮ በየቀኑ ሲወድቁ ነው የማውቃቸው። ያሸነፉበትን ቀን አላስታውስም። ይሄን ሳስብ እስከ ዛሬ ድረስ አንዳች ነገር ይወረኛል።

ልጅቷ አፏን ከፍታ ቀረች። ክንዷን ረሳችው። ከዚያ ተንበርክካ እንደ ጸሎት ቤት በሹክሹክታ፦

«አንድ ጊዜ... ይድገሙልኝ?» አለች።

ስሟ ሚናኤ ነበር።

*

ትከሻዋ ሲድንላት ተማሪ ሆና መጣች። «ቤትሽ ያውቃሉ?» ስላት «ያውቃሉ እማማ» አለችኝ። ቆይቶ እንደገባኝ፣ ያወቀችው የቤታቸው ድመት ብቻ ናት።

መጀመሪያ ምንም አላስጣሏትም። ማጎንበስ። መቀመጥ። በጉልበት መሄድ። ከዚያ መውደቅ... ወደ ኋላ፣ ወደ ጎን፣ ወደ ፊት። ወጥ ቤት መጥታ ወገቧን ይዛ ትቀመጣለች።

«እማማ፣ ገላዬ ውስጥ ያላመመኝን ቦታ ልነግርዎት እችላለሁ። አፍንጫዬ ብቻ ነው!»

«ታዲያ ተይዋ!»

«ሞቼ ነው የምተወው!»

ከዚያ አባባ ጌንዞ ቶሺያን ጠርተው «ከዛሬ ጀምሮ ለሷ የምትወድቀው አንተ ነህ» አሉት።

ጉልበት ለጉልበት ይቀመጣሉ። እሱ የልብሷን ደረት ሊይዝ እጁን ይሰነዝራል። እሷ እጁን ትቀበልና እጅጌውን ጨብጣ፣ ዞር ብላ፣ ተነስታ በዳሌዋ ላይ ታሳልፈዋለች። ዋናው ነገር ከዚያ በኋላ ነው፤ እሱ መሬት እስኪደርስ እጅጌውን መልቀቅ የለባትም። የሚወድቀውን ሰው የምታድነው ያቺ እጅጌ ናት። ተይዞ ከወረደ ጀርባው ምንጣፉን ተኝቶ ይቀበላል። መሃል ላይ ከተለቀቀ ግን ትከሻው ቀድሞ ይመታል።

«ጨብጪ!» ይሏታል አባባ። «የሰው ልጅ ነው እጅሽ ላይ ያለው!»

እኔ ደጃፉ ላይ ሆኜ ልብስ እየሰፋሁ አያቸው ነበር። እውነቱን ልንገራችሁ፣ በወጣትነቴ ፍቅር ማለት አበባ መስጠት፣ ድልድይ ላይ ቆሞ ወንዝ ማየት ይመስለኝ ነበር። እዚያ ምንጣፍ ላይ ያየሁት ግን ሌላ ነው። አንድ ጎበዝ ሙሉ ገላውን፣ አንገቱን፣ አከርካሪውን ለአንዲት ልጅ ጣቶች ይሰጣል። ዓይኑን እንኳ አይጨፍንም። በየቀኑ። እሷም በየቀኑ ተቀብላ፣ አሳርፋ፣ ትመልስለታለች። መርፌዬን ይዤ የቀረሁበት ጊዜ ብዙ ነው።

«ዛሬ ከበድክ» ትለዋለች።

«ሩዝ ጨምሬ በላሁ።»

«ሆን ብለህ ነው?»

«ቶሎ እንዳትጥይኝ ብዬ ነዋ።»

ዳይጎ ከጥግ ሆኖ አያርፍም። «ቶሺያ! እኔ ስጥልህ ፊትህ ጨው የላሰ ይመስላል፤ እሷ ስትጥልህ ትስቃለህ። ምነው፣ በሷ በኩል ምንጣፉ ጥጥ ነው እንዴ?»

«ዝም በል፣ ዳይጎ!» ሁለቱም እኩል ይጮሃሉ። እኔ አፌን በጨርቁ እሸፍናለሁ።

ጠዋት ጠዋት በቤታችን መሠዊያ ፊት ውሃና ሩዝ አቀርባለሁ፤ የባለቤቴ ስም የተጻፈበት ሰሌዳ እዚያ ነው ያለው። «አየህልኝ ልጅህን?» እለዋለሁ። «እንዳንተው ነው፤ ከወደደ ንግግር ይጠፋበታል።»

ግን ደስታዬ ውስጥ እሾህ ነበረበት።

ሚናኤ ከድልድዩ ማዶ ያለው የአኩሪ አተር ስጎ ጠማቂ፣ የኩራሞቺ ልጅ ናት። አንድ ልጃቸው! ወንድም የላት፣ እህት የላት። እሷን የሚያገባ ሰው ስሙን ጥሎ ኩራሞቺ ተብሎ፣ እነሱ ቤት ገብቶ፣ የዚያን ቤት ሙታን እንደራሱ ሙታን ይዞ መኖር አለበት። ለእኛም የቀረን ቶሺያ ብቻ ነው። ሁለቱ ሴቶች ልጆቼ ተድረው የባሎቻቸውን ስም ይዘዋል። የዶጆው ስም፣ የመቃብሩ ጥበቃ፣ የመሠዊያው ሩዝ... ሁሉም እሱ ትከሻ ላይ ነው።

ሁለቱም የቤታቸው የመጨረሻ ሰው ናቸው። አንዱ ቤት ካልጠፋ እነሱ አይጋቡም።

ይህን እነሱም ያውቁት ነበር። ለዚህ ነው ምንም የማይባባሉት።

*

ጥር ላይ፣ ለአዲስ ዓመታችን መሠዊያው ላይ ያስቀመጥነውን ደረቅ የሩዝ ቂጣ በመዶሻ ሰባብረን በቀይ ባቄላ ሾርባ የምንበላበት ቀን አለ። ያን ቀን ተማሪዎቹ ለሰፈሩ ሰው የተማሩትን ያሳያሉ። ኩራሞቺም ተጋብዘዋል፤ ልጃቸው ዶጆ እንደምትመላለስ በመጨረሻ ሰምተው ፊታቸው ከስጎአቸው በላይ ጠቁሮ ነበር።

በዚያን ዕለት ጠዋት እኔ ወጥ ቤት ባቄላ ሳማስል፣ ከመስኮቱ ውጭ ድምፃቸውን ሰማሁ። ልሰማ ብዬ አይደለም። እሺ... ማማሰሌን አቁሜያለሁ።

«ሚናኤ» አለ ቶሺያ። «ስምሽን ልውሰድ ብል አያቴን መቅበሬ ነው። ስሜን ውሰጂ ብልሽ አባትሽን መቅበርሽ ነው። ምን እንደማደርግ አላውቅም። ግን... ያላንቺ መኖርም አላውቅም።»

«ቶሺያ...»

«ትፈልጊኛለሽ? እንዲህ ተቸግሬም?»

«እኔ እኮ...»

«አሁን አይደለም! አሁን ከነገርሽኝ እጄ ይንቀጠቀጣል። ከትርኢቱ በኋላ ንገሪኝ።»

ልጄ ሆኖ ነው እንጂ እንዲህ ያለ ሞኝ አይቼ አላውቅም። ልጅቷ አፏን ከፍታለች እኮ!

ትርኢቱ ተጀመረ። ዶጆው ሞልቷል። ተራቸው ደርሶ ጉልበት ለጉልበት ተቀመጡ። ቶሺያ እጁን ሰነዘረ። ሚናኤ ተቀበለችው፣ ጨበጠች፣ ዞረች፣ ተነሳች። ልጄ አየር ላይ ወጣ። ያኔ፣ በዓይኔ በብረቱ አየሁ፣ ጣቶቿ ተከፈቱ። እጅጌውን ለቀቀችው።

ቀጭ!

ወጌሻ ቤት ለኖረች ሴት ያ ድምፅ አይጠፋትም። ከአንገቱ ሥር ያለችው ቀጭን አጥንት ናት።

ቶሺያ አልጮኸም። ተነስቶ፣ ክንዱ ተንጠልጥሎ፣ በጉልበቱ ወደ ቦታው ተመልሶ፣ እንደ ሥርዓቱ አጎነበሰላት። እሷም ማጎንበስ ነበረባት። አልቻለችም። አፏን በሁለት እጇ ይዛ ሮጣ ወጣች። ጫማዋን እንኳ አላደረገችም።

*

አባባ ጌንዞ አጥንቱን አገጣጥመው በጨርቅ አሰሩለት። ቶሺያ ጣራ ጣራ እያየ ተኛ።

«በጣም ያምሃል?» አልኩት።

«መልሷን ሰጠችኝ፣ እማዬ።»

«የምን መልስ?»

«ከትርኢቱ በኋላ ንገሪኝ ብያት ነበር። እስከዚያ እንኳ አልቆየችም። አየር ላይ ሳለሁ ለቀቀችኝ። ከዚህ በላይ በምን ትንገረኝ?»

«አንተ ልጅ፣ እጇ አምልጧት ቢሆንስ?»

«አላመለጣትም። ጣቶቿን ራሷ ስትከፍት አይቻለሁ።»

ይሄን የምታነቡ ምን ዓይነት ሰው እንዲህ ያስባል ትሉ ይሆናል። እዚያ ምንጣፍ ላይ ያደገ ሰው ያስባል! ለእነሱ አፍ ይዋሻል፣ እጅ አይዋሽም።

ሚናኤ ከዚያ ቀን ወዲህ አልመጣችም። እኔ ግን እናት አይደለሁ? ጫማዋን በጨርቅ ጠቅልዬ ድልድዩን ተሻግሬ ሄድኩ። ከትልልቆቹ የእንጨት በርሜሎች ጀርባ አገኘኋት። ዓይኗ ከማልቀስ ብዛት አብጧል።

«ለምን ለቀቅሽው?» አልኳት። ዙሪያ ጥምጥም አላውቅም።

«እማማ...»

«ለምን?»

«ሳሳሁለት!» ብላ ዘረገፈችው። «አየር ላይ ሳለ ፊቱን አየሁት። እያየኝ ነበር። ይሄ ሰው አንድ ነገር ቢሆንብኝስ ብዬ... ላባ ላይ ላሳርፈው ፈለግኩ። እጄ ከዳኝ። ሳላስበው ተከፈተ።»

«ታዲያ ነይና ይህንኑ ንገሪው!»

«በምን ዓይኔ? የሰበርኩህ ስለምወድህ ነው ልበለው?»

ይሄን ጊዜ አባትየው ብቅ አሉ። በወጉ እጅ ነሱኝ፤ ድምፃቸው ግን በረዶ ነበር።

«ወይዘሮ ፉሚኖ፣ ለደረሰው ጉዳት በሥርዓቱ ይቅርታ ልንጠይቅ እንመጣለን። ከዚያ በኋላ ልጄ እናንተ ደጅ አትረግጥም። በጸደይ የሚያያት ሰው አለ። ስማችንን ለመውሰድ ፈቃደኛ ነው።»

ሚናኤ አንገቷን ደፋች።

ቤት ገብቼ ለቶሺያ ነገርኩት። «እማዬ፣ እናቴ ስለሆንሽ ልታጽናኚኝ ነው» ብሎ ወደ ግድግዳው ዞረ። ለአባባ ጌንዞም ነገርኳቸው። እሳቸው ጽዋቸውን አስቀመጡ።

«ሳሳሁለት ነው ያለችው?»

«አዎ፣ አባባ።»

ጽዋቸውን መልሰው አነሱ።

*

ኩራሞቺ ጥቁር የክብር ልብሳቸውን ለብሰው፣ በሐር ጨርቅ የታሰረ የጣፋጭ ሣጥን ይዘው መጡ። ሚናኤ ከኋላቸው ናት። ዶጆው ውስጥ ተቀበልናቸው። ቶሺያ ክንዱ ታስሮ ከጥግ ተቀምጧል፤ ቀና ብሎም አላያት።

ኩራሞቺ ሣጥኑን ወደ ፊት ገፍተው ግንባራቸውን ምንጣፉ ላይ ደፉ። «ልጄ የቤታችሁን ወራሽ ጎድታለች። ይቅር በሉን።»

አባባ ጌንዞ ሣጥኑን መልሰው ገፉት።

«ይሄን አልቀበልም።»

በእኛ ዘንድ እንዲህ ያለ ሣጥን አይመለስም።

«እንግዲያ ምን እናድርግ?» አሉ ኩራሞቺ፣ ሳይነሱ።

«ልጅቷ የጀመረችውን አልጨረሰችም። ትጨርስ።»

«ልጁ ክንዱ ታስሮ የለም እንዴ?»

«እኔ አለሁ።»

ሚናኤ ወደ ኋላ ሸሸች። «አልችልም! አባባ፣ በጭራሽ! በእርስዎ ዕድሜ...»

«ነይ።»

«ሚናኤ፣ እንዳትነኪያቸው!» ኩራሞቺ ቀና አሉ። «እኚህ ሰው ይሞታሉ! ወይዘሮ ፉሚኖ፣ እርስዎ ምንም አይሉም?»

ከንፈሬ ብቻ ነው የሚንቀሳቀሰው፤ ካኖንን እየጠራሁ ነበር። አባባ ጌንዞ ያን የብርድ ወቅት ሳል ይዟቸው ከርሟል። ደረጃ ሲወርዱ ግድግዳ መያዝ ጀምረው ነበር።

እሳቸው ግን በጉልበታቸው ወደ መሃል ሄደው ተቀመጡ። ሚናኤም መጥታ ፊት ለፊታቸው ተቀመጠች። ጉልበት ለጉልበት።

«ስሚኝ» አሏት ዝቅ ባለ ድምፅ። «ከራራሽልኝ ትሰብሪኛለሽ። ካልራራሽልኝ እነሳለሁ። ልቤን የሰጠሁሽ አሁን ነው፤ ያዢው።»

ሚናኤ ዓይኗን ጨፈነች። ረጅም ትንፋሽ አወጣች። ዓይኗን ስትከፍት ሌላ ሰው ነበረች፤ በእውነት እላችኋለሁ፣ እኔ እንኳ አላወቅኳትም።

አባባ እጃቸውን ሰነዘሩ። ሚናኤ ተቀበለቻቸው። ዞረች። ያ ነጭ ጸጉር፣ ያ ቀጭን ገላ ከምንጣፉ ተነሳ። ለእኔ ያቺ ቅጽበት ረዘመችብኝ... ሽማግሌው አየር ላይ ተዘርግተው፣ ልብሳቸው እንደ ወፍ ክንፍ ተከፍቶ፣ ፊታቸው ላይ ፍርሃት የሚባል ነገር ሳይኖር። እንቅልፍ የወሰደው ሕፃን ከእናቱ ጀርባ ሲወርድ እንደሚያርፈው ያለ ዕረፍት ነበር ፊታቸው ላይ። የሚናኤ ጣቶች ደግሞ እጅጌያቸው ላይ እንደ ብረት ተቆልፈዋል።

ጧ!

አቧራው ፀሐይ ውስጥ ተነሳ። ሚናኤ እጅጌያቸውን እንደያዘች ተንበርክካ ቀረች።

አባባ ጌንዞ ተነሱ።

አንገትጌአቸውን አስተካከሉ። በጉልበታቸው ወደ ቦታቸው ተመልሰው፣ የዶጆው መምህር፣ የቤታችን ሽማግሌ፣ ለዚያች ልጅ ግንባራቸው ምንጣፍ እስኪነካ አጎነበሱ። እሷም አጎነበሰች። ኩራሞቺን አየኋቸው። እንባቸው በጥቁሩ ልብስ ላይ ይወርዳል፤ እንዳለቀሱም ያወቁ አይመስለኝም።

አባባ ወደ ቶሺያ ዞሩ።

«አየህ አንተ ድንጋይ ራስ? እኔን አለቀቀችኝም! ለምን ይመስልሃል?»

ቶሺያ የታሰረ ክንዱን አየ።

«ስለማትወደኝ ነዋ!»

ልጄ ያን ጊዜ ነው ቀና ያለው። ቀስ ብሎ ገባው። ፊቱ ላይ ሲገባው አየሁት።

«ሚናኤ... እውነት ነው?»

«እጄ የሚከዳኝ አንተ ላይ ብቻ ነው» አለች እያለቀሰች። «ምን ላድርገው!»

«እኔ እኮ መልስሽ መስሎኝ...»

«የምን መልስ? መልሴን ያን ጠዋት ልነግርህ ስል አፌን የዘጋኸኝ አንተ አይደለህ? አንተ ደረቅ!»

«ምን ነበር ልትይኝ የነበረው?»

«አዎ ነበራ! አዎ! አዎ!»

ከዚያ አባቷ እዚያው መኖራቸው ትዝ አላትና አፏን ያዘች።

ኩራሞቺ ምንጣፉን ተመለከቱ። «ዕድሜ ልኬን ስንት ሠራተኛ አዝዣለሁ» አሉ። «ለታናሽ ሰው ግን ዝቅ ብዬ አላውቅም። ዛሬ ሰው ወድቆ እንዲህ ሲከበር አየሁ።» ወደ አባባ ዞሩ። «ስሙ ከእኔ ጋር ይለቅ። ልጄን ውሰዷት።»

«አይሆንም» አሉ አባባ ጌንዞ። «እናንተ ቤት ሠራተኛ አለ፣ ከብዙ ዘመን የመጣ በርሜል አለ። የእኛ ነገር ገላ ውስጥ ነው ያለው፤ በየትኛውም ስም ይኖራል። ቶሺያ ወደ እናንተ ይግባ።»

«የለም፣ እኔ ነኝ የምተወው!»

«ዕድሜህ ስንት ነው?»

«ስልሳ ሁለት።»

«ልጅ ነህ! እዚህ ቤት የሚወድቀው ታላቅ ነው። ዝም በል።»

ኩራሞቺን «ዝም በል» ያላቸው ሰው ከእናታቸው በኋላ አባባ ብቻ ሳይሆኑ አይቀሩም። ቶሺያ ሊስቅ ብሎ አጥንቱ ጠዘጠዘው።

ከዚያ ሁሉም ወደ እኔ ዞሩ።

«ፉሚኖ» አሉኝ አባባ በለሰለሰ ድምፅ። «ልጁ ያንቺ ነው። አንቺ እሺ ካላልሽ አይሆንም።»

አዎ ልል ፈልጌ ያለ ፈቃዴ ሌላ ነገር ወጣኝ። «እኔ ስሞት» አልኩ፣ «ለባለቤቴ ውሃና ሩዝ የሚያቀርብለት ማነው? በዚህ ስም የሚጠራ ሰው ከሌለ... ማን ያስታውሰዋል?»

አንዲት መበለት ከዚህ ሌላ ምን ፍርሃት አላት?

ሚናኤ በጉልበቷ ምንጣፉን አቋርጣ መጣች። እጄን ያዘች።

«እኔ አቀርባለሁ» አለች። «እማማ፣ ቶሺያን ቢከለክሉኝ እንኳ፣ ሌላ ሰው ባገባም፣ በየጠዋቱ ድልድዩን ተሻግሬ እኔ አቀርብላቸዋለሁ።»

አጎነበስኩላት። ግንባሬ ምንጣፉን ነካ። ዕድሜ ልኬን ሌሎች ሲወድቁ ሳይ የኖርኩ ሴት፣ ያን ቀን የእኔ ተራ ደረሰ። አልጎዳኝም።

*

በጸደይ ተጋቡ። ልጄ ኩራሞቺ ቶሺያ ተብሎ፣ ልብሱን በጨርቅ ቋጥሮ ድልድዩን ተሻገረ። ደጃችን ላይ ካለው የስም ሰሌዳ ላይ ስሙን ስናወርድ ዳይጎ እንኳ አልቀለደም። ፊቱን አዙሮ አፍንጫውን ሲጠርግ አይቼዋለሁ።

በማግስቱ ጠዋት ሩዝ ሠራሁ። ለሁለት ሰው ብቻ ሲሆን ድስቱ እንዴት ይሰፋል! በመሠዊያው ፊት ተቀምጬ «ልጅህ ሄደ» አልኩት ባለቤቴን። «እኔ ፈቅጄ ነው። ተቆጣኸኝ?» አባባ ጌንዞ ጠረጴዛው ጋ ሆነው ሾርባቸውን ይጠጣሉ። እሳቸውም ጆሯቸው ከሾርባው ይልቅ ደጅ ላይ ነበር።

በሩ ተንሸራተተ።

«እማማ! ቁርስ ተረፈ?»

ሚናኤ ናት፤ ጸጉሯን እንኳ አላበጠረችም። ቶሺያ ከኋላዋ ይስቃል።

«ምነው፣ ሙሽሮች? ባላችሁበት ቤት ቁርስ የለም እንዴ?»

«አለ! ግን እማማ፣ አባቴ ቤት ሁሉም ነገር ጨው ነው። ሾርባው ጨው፣ አሳው ጨው። ይሄን ሁሉ ዘመን እንዴት እንደኖርኩ እንጃ!» ይህን እያለች መሠዊያው ጋ ሄዳ፣ ውሃውን አይታ፣ «ቀደሙኝ እኮ» ብላኝ ሩዙን አጠገቡ አስተካክላ እጆቿን አጣምራ አጎነበሰች።

«የጠማቂ ልጅ ጨው በዛብኝ ስትል ሰማችሁ?» አሉ አባባ። ዓይናቸው ግን ያበራ ነበር።

ይሄኔ ከደጅ ሌላ ሳል ተሰማ። ኩራሞቺ ናቸው፤ የቤት ልብሳቸውን እንደለበሱ፣ የገዛ ስጎአቸውን በጠርሙስ ይዘው።

«ታዲያ ብቻዬን ልብላ?» አሉ፣ ወደ እኔ ሳያዩ።

አባባ ጌንዞ ሳህናቸውን ይዘው ወደ ግድግዳው ተጠጉና ምንጣፉን መታ መታ አደረጉላቸው።

«ግባ፣ አንተ ልጅ። ቦታ አለ።»

እኔም ሩዝ ልጨምር ወደ ወጥ ቤት ተመለስኩ።